«ንጹህ ነው» የተባለው ስልክ

ሰፈሩ «ሐኪሙ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣችለት ከሱቁ ጎን የምትሠራው ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ ለማላገጥ ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ስሙ ተጣብቆበት ቀረ፣ የገዛ እህቶቹ ሳይቀሩ ሐኪሙ ይሉት ጀመር። ነጭ ጋዋን የለውም። የተማረው ሬዲዮ መጠገን ነው። ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ወደ ስልክ ዞረ፣ ስልክ ደግሞ መታመም የማይሰለቸው ዕቃ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ እጁ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

ሱቁ፣ ሱቅ ከተባለ፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ አጉሊ መነጽር ያለው መብራት፣ መበየጃ፣ ብናኝ የሚያካክሉ ብሎኖች የተጠራቀሙበት የጣሳ ክዳን፣ በየመሳቢያው ደግሞ የተሰነጣጠቀ ስክሪን አለ። ደንበኛው ውጭ ቆሞ በመስኮት ነው የሚያወራው። ከመስኮቱ በላይ በቀይ ቀለም «ስልክ እንጠግናለን፣ ቫይረስ እናጠፋለን» ተብሎ ተጽፏል። «እናጠፋለን» ይበል እንጂ የሚያጠፋው እሱ ብቻውን ነው።

ስለ ቫይረሱ እውነቱን መናገር ይሻላል። ቫይረስ ያዘው ተብሎ ከሚመጣው ስልክ አብዛኛው ምንም አልያዘውም። አንዱ በፎቶ ብዛት ታፍኖ መተንፈስ ያቃተው ነው፣ ሌላው ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲንገላታ የከረመ ነው። ሌላው ላይ ደግሞ ልጅ ጨዋታ ጭኖበት ነጋ ጠባ ማስታወቂያ ይተፋል። አልፎ አልፎ ግን የእውነት ሌባ የገባበት ይመጣል፤ «ስልክዎን በነጻ አጸዳለሁ» ብሎ ገብቶ የባለቤቱን መልእክት እያነበበ ለማይታወቅ ሰው የሚያቀብል ዓይነት። ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። እየፈለፈለ ያወጣዋል፣ ባለቤቱንም አብሮ ይቆጣዋል። «ማን ንካ አለህ? እጅህ ለምን አያርፍም?» ይላል። ሰዉም ይቆጣ እንጂ እጁ ወርቅ ነው እያለ ይመለስለታል።

ደንበኛው ከሁሉም የሚወደው ምርመራውን ነው። መመርመሪያው ፕሮግራም ሲከፈት ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር ይሽከረከራል፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ ክቡን ያያል፤ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ሲል «እፎይ!» ይላል። ያ ክብ ብዙ ነገር እንደማያውቅ ሐኪሙ ልቡ ያውቃል። ግን የሰውን ደስታ ለምን ይንጠቅ? «ንጹህ ነው» ይላል፣ ስልኩን በመስኮት ይመልሳል፣ ወደሚቀጥለው ይዞራል።

አንድ ጉድለት ነበረበት፣ ይህን ልብስ ሰፊዋም ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ስልኩን ያያል እንጂ ሰውየውን አያይም። አንዲት እናት «እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ የጀመረው ባለፈው…» ብላ አፏን ስትከፍት እሱ ስልኩን ተቀብሎ፣ ፊቱን አጉሊ መነጽሩ ስር ቀብሮ፣ «የይለፍ ቁጥሩ ስንት ነው?» ይላታል። ስልክ ራሱ ይናገራል ባይ ነው። ሰው ያወራል እንጂ የሚያውቀው የለም ይላል፣ እያላገጠ።

አባቱን እንኳ የሚያዳምጣቸው እንዲሁ ነበር።

አባቱ ብዙ ዘመን የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ዛሬም ጫማቸውን ወልውለው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ነው ከቤት የሚወጡት፤ ሥራ የሚገቡ እንጂ ልብስ ሰፊዋ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ አይመስሉም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቀናቸው የሚያልፈው እዚያ ወንበር ላይ ነው። አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ፣ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሹፌሩ እንዴት እንደታጠፈ ይተቻሉ፣ አንዱንም ጥሩ ነው ብለው አያውቁም።

አንድ ወንድም ነበራቸው፣ ታናሽ። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተቀጠሩ ናቸው። አባትየው አውቶቡስ ይነዳሉ፣ ታናሽየው እዚያው ጋራዥ መካኒክ ናቸው፣ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ መንገድ ስቶ ከግንብ አጥር ጋር ተጋጨ። ሰው አልሞተም፣ አንድ ተሳፋሪ ግን እግሩ ተሰበረ። መሥሪያ ቤቱ ሰብስቦ ሲጠይቅ አባትየው «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አሉ። ፍሬኑን የመረመረው ማን ነው ተባለ። ታናሽየው ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ነኝ። ፍሬኑ ደህና ነበር» አሉ።

ደህና ነበር። አባትየው መሪውን እንደያዙ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነው፣ ይህን ራሳቸውም ያውቃሉ። ነገሩን የባሰ ያደረገው ይኸው ነው፤ ሰው ዋሽቶብህ ቢሆን ትጣላዋለህ፣ ትታረቃለህም፤ እውነት ከተናገረብህ ሰው ጋር ግን ምን ብለህ ትታረቃለህ? አባትየው ከመሪው ተነሥተው መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ጡረታቸውንም ከመጋዘን ወጡ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም፤ ታናሽየው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው አረጁ። አባትየው የወንድማቸው ስም ሲነሣ «ቀድሞ ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» ይላሉ፣ ሌላ አይሉም።

እንግዲህ የስልኩ ነገር። ስማርት ስልኩን የገዛላቸው ሐኪሙ ነው፣ ገዝቶ በሰጣቸው ማግስትም ጉድ ፈላ። «እንኳን ደስ ያለዎት! አዲስ መኪና ደርሶዎታል፣ ይህን ይንኩ» የሚል መልእክት መጣላቸው። ስንት ዘመን የሰው አውቶቡስ የነዳ ሰው የራስህ መኪና ደረሰህ ሲሉት ባይነካ ነበር የሚገርመው። ነኩት። ስልኩም ያበደ መሰለ፤ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ፣ ለሴት ልጆቻቸውም፣ ለድሮ አለቃቸውም፣ ለማየት የሚያሳፍር ሥዕል ይልክ ጀመር። አባትየው ከሀፍረት ብዛት ከቤት አልወጣ አሉ።

ሐኪሙ ቆሽቱ እያረረ አጸዳው። ደንበኛ ቆሞ እየሰማ፣ አባቱን እንደ ልጅ ተቆጣቸው። «የማያውቁትን አይንኩ ብዬ ስንቴ ልንገርዎት፣ አባባ!» አላቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ከዚያ አንድ ጠባቂ ፕሮግራም ጫነበት፣ ያሉትንም በሮች ሁሉ ዘጋጋ። ከበሮቹ አንዱ «ያልተመዘገበ ቁጥር እንዳይገባ» የሚል ነበር። እሱ ከተዘጋ ስሙ ስልኩ ውስጥ ያልተጻፈ ሰው ቢደውል ስልኩ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋበታል፣ መልእክቱንም ማንም የማያየው ጓዳ ውስጥ ይከተዋል። ሐኪሙ ዘጋው። «እንግዲህ ዝንብም አትገባ» አለ ለራሱ። ነገሩ እስኪበርድ ነበር ሐሳቡ፣ በኋላ ሊያነሣው። ወዲያው ስክሪኑ የረገፈበት ሰውዬ መስኮቱ ላይ ቆመና ጮኸ፣ ሐኪሙ ዞረ፣ በዚያው ተረሳ። ለአባቱም አልነገራቸውም፤ ቢነግራቸው የሚገባቸው አልመሰለውም።

ብዙም ሳይቆይ አባትየው አንድ ጠዋት በሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ ሱቁ መጡ። ከድሮ የሥራ ባልደረባቸው፣ ከትኬት ቆራጩ ጋር ተገናኝተው ነበር።

«ወንድሜ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለው» አሉ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው። «እደውልለታለሁ ብሏል አለኝ። ናፍቆኛል ብሏል።»

ሐኪሙ የመበየጃው ጫፍ አንዲት ነጥብ ላይ ነበር፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይዟል። «ጥሩ ነው አባባ» አለ ቀና ሳይል።

በቃ፣ ይህንኑ ነው ያለው። ለአባቱ ከእናቱ ሞት ወዲህ የመጣ ትልቁ ወሬ ነበር፣ እሱ ግን ሰማሁ ለማለት ያህል ብቻ ሰማው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ከአባትየው እጅ አልወጣም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል፤ ሲታጠቡ የሳሙናው ማስቀመጫ አጠገብ፣ ሲበሉ ከሳህናቸው ጎን። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷን ቢበሏት፣

«አባባ፣ ለምን እርስዎ አይደውሉላቸውም?» አለቻቸው። «ቁጥራቸውን ከሰውዬው መቀበል ነው።»

«እሱ ነው ታናሹ፣ የኔ ልጅ። እደውላለሁ ያለውም እሱ ነው።» ደግሞ እውነቱን አወጡት። «ብደውልለት ‹ማን ልበል?› ቢለኝስ?»

ይህንን ልብስ ሰፊዋ ሰማች፣ ሐኪሙ አልሰማም።

ስልኩ አልጠራም። ልጆቻቸው ሲደውሉ ይጠራል፣ ሌላ ጊዜ ፀጥ ነው። አባትየው መጀመሪያ ታገሡ፣ ቀጥሎ ጠረጠሩ። ማንን? ወንድማቸውን ለመጠርጠር ልባቸው እምቢ አለ፣ ስለዚህ ስልኩን ጠረጠሩ። ወደ መስኮቱ ቀረቡና፣

«እስቲ እየው። ቫይረስ ሳይገባበት አልቀረም» አሉ።

«ምን አደረገ?»

«አይጠራም።»

ሐኪሙ ሳቀ። ከራሱ ስልክ ደወለ፣ ያባቱም ስልክ ጮኸ። «ይኸው! እንደ ሕፃን ይጮሃል።» እንዴት አይጮህ? የእሱ ቁጥር የተመዘገበ ነው። መመርመሪያውን ከፈተ፣ ክቡ ተሽከረከረ፣ አረንጓዴው መጣ። «ንጹህ ነው አባባ።»

አባትየው አመስግነው ሄዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ። ደግሞ ተመለሱ። ነገሩ የቤተሰብ ቀልድ ሆነ፤ እህቶቹ ሲደውሉ «የአባባ ቫይረስ እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም በመጡ ቁጥር ይደውላል፣ ክቡን ያሽከረክራል፣ ንጹህ ነው ይላል። አንድ ቀን ግን ሥራ በዝቶበት፣ ነገሩም ሰልችቶት ነበር።

«ታዲያ ንጹህ ከሆነ ለምን አይጠራም?» አሉት።

«አባባ፣ ስልክ የሚጠራው እኮ የሚደውል ሰው ሲኖር ነው!»

መስኮቱ ላይ የቆሙት ደንበኞች ሳቁ። አባትየውም አብረው ፈገግ አሉ፤ ልጃቸው ሰው ፊት የተናገረውን ለማሳመር ያህል። ከዚያ ስልኩን በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ቀስ ብለው ሄዱ። ሐኪሙ ያቺን ቃል መመለስ ቢቻል ኖሮ እጁን ቆርጦ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ እንዲያ ይላል። ያን ጊዜ ግን ቶሎ ረሳት። አባትየው ከዚያ በኋላ ቫይረስ የሚባል ነገር አላነሡም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ስልኩን ይይዛሉ፣ ስለ አውቶቡሶቹ አዟዟር ግን መተቸት ተዉ።

ነገሩ የወጣው በሱሪ ምክንያት ነው። አባትየው ሱሪያቸውን እንድታሳጥርላቸው ለልብስ ሰፊዋ ሰጥተዋት ነበር። እሷ ደግሞ በዚያ ሰሞን አዲስ ሲም ካርድ አውጥታለች። ሱሪው ሲያልቅ ደወለች፣ ተዘጋባት። ደግማ ደወለች።

«አንተ ሐኪም፣ አባትህ ዘጉብኝ እኮ!» ብላ በግድግዳው በኩል ጮኸች። «ምን አስቀየምኳቸው?»

«ጣታቸው ይሆናል የነካው» አለ።

አባትየው በጠዋት ልማዳቸው ሲመጡ ጠየቀቻቸው። ማንም አልደወለልኝም አሉ። እሷ ነገር ካልጠራ የማይሆንላት ሴት ናት፤ እዚያው ፊታቸው ቆማ ደወለች። የአባትየው ስልክ መዳፋቸው ላይ ነው፣ ሦስቱም ያዩታል። ስክሪኑ እንኳ አልበራም። የሷ ስልክ ግን ጢጥ ጢጥ ብሎ ተቋረጠ።

ሐኪሙ መበየጃውን አስቀመጠ። በመስኮቱ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለ። «እስቲ እኔ ጋ ይቆይ አባባ። እርስዎ ፀጉርዎን ተስተካክለው ይመለሱ» አላቸው። ድምፁ ልክ አልነበረም፣ እሳቸው ግን ልብ አላሉም፤ መንገዱን ተሻግረው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገቡ።

ጠባቂውን ፕሮግራም ከፈተው። ከጫነው ወዲህ ሲከፍተው የመጀመሪያው ነበር፤ በየጊዜው ያሽከረከረው ክብ የሌላ ፕሮግራም ነው። ከጥጉ ላይ «የታገዱ» የሚል ቃል አለ። ነካው።

ከላይ የልብስ ሰፊዋ አዲስ ቁጥር አለ። ከሥሩ እሱ የማያውቀው አንድ ቁጥር፣ ጥቂት ጊዜ። ከዚያ ሥር ሌላ ቁጥር፤ እሱ ግን ወደ ታች ቢስበው ቢስበው አያልቅም፤ አንዱ ላይ አንዱ እንደ ጡብ ተደርድሯል፣ በእያንዳንዱ ፊት «ታግዷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ከዚሁ ቁጥር አንድ መልእክትም ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ትዘጋብኛለህ። አልቀየምህም፣ ቢገባኝ ነው። ያን ቀን የተናገርኩት እውነት ነበር፣ ዕቃ ላይ ማላከክ አይሆንልኝም። ግን ሰው ፊት ከመቆሜ በፊት ቤትህ መጥቼ ለአንተ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ሲቆጨኝ የኖረው እሱ ነው። አሁን ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ነገሬ የሚሻል አይመስልም። ማውራት ካልፈለግህ አታውራኝ። ግን ነገ ስደውል አትዝጋው። ዝም ብለህ ተወው፣ ይጥራ። ጠርቶ ጠርቶ ራሱ ይቁም። ይቅር እንዳልከኝ በዚያ አውቃለሁ።»

ሐኪሙ ከመልእክቱ ቀጥሎ የመጣውን ተመለከተ። በማግስቱ ተደውሏል። ታግዷል። ከሰዓት በኋላ ተደውሏል። ታግዷል። በሌላውም ቀን። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር የለም።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ከራሱ ስልክ ወደዚያ ቁጥር ደወለ። ያነሣችው የአጎቱ ልጅ ናት፤ ልጅ ሳሉ አብረው ይጫወቱ ነበር፣ ድምፁን ግን አላወቀችውም። ማን እንደሆነ ነገራት።

«አጎቴን ፈልጌ ነበር» አላት።

«ዛሬ ነው የምትፈልገው? አባዬ ካረፈ ወር አልፎታል።»

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለ።

«ደወልኩ እኮ። እሱ እንደዚያ ሲለምን ዘጋችሁበት፣ ሞቱንም ልነግር በራሴ ስልክ ስደውል ለኔም ዘጋችሁ። ምን ላድርግ፣ ደጃችሁ መጥቼ ልንበርከክ?» ማልቀስ ጀመረች። «መጨረሻ ላይ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚተኛው። ‹ዛሬ ከጠራ ትሰሙታላችሁ፣ ዝም በሉ› ይለን ነበር።»

ሊነግራት ይችል ነበር። አባቴ አይደሉም፣ እኔ ነኝ፣ ቢላት አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ።

ቀና ሲል አባቱ መንገዱን እየተሻገሩ ነው። ፀጉራቸው ተከርክሟል፣ ጺማቸው ተላጭቷል፣ አንገታቸው ላይ ትንሽ ፓውደር ቀርቷል። እውነቱን ሊነግራቸው ቆርጧል፤ ይህን ማንም ይመስክርለት፣ እሳቸው መንገዱን እስኪጨርሱ ድረስ ቆርጦ ነበር። ከሱቁ ወጣ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ፊቱን አይታ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«አባባ፣ አጎቴ ደውለው ነበር።»

«እኔ ጋ?»

«አዎ። ብዙ ጊዜ ደውለዋል።»

የአባትየው ፊት እንደ ልጅ ፊት ተከፈተ። «አላልኩህም? እደውላለሁ ካለ ይደውላል! እሱ ቃሉን አያጥፍም።» ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። «ታዲያ ለምን አልጠራም?»

ሐኪሙ አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ቀደሙት።

«ቫይረስ ነው፣ አይደል? አላልኩህም? ቫይረስ አለበት ብዬ አልነገርኩህም?»

«አዎ» አለ ሐኪሙ። «ቫይረስ ነው።»

እንዲህ ነው የሆነው። አስቦ አልዋሸም፣ አባቱ ውሸቱን አዘጋጅተው እጁ ላይ አኖሩለት፣ እሱ ጨበጠው። ከጨበጠ በኋላ መልቀቅ አልቻለም። የአጎቱን ሞት ነገራቸው። መልእክቱንም ከፍቶ ሰጣቸው፤ እሱን እንኳ አልደበቀም።

አባትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ቀስ እያሉ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ስር እየጎተቱ። «ይጥራ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ለቅሷቸው ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። «እኔ አልዘጋሁም» አሉ፣ ለማንም አይደለም የሚናገሩት። «እኔ አልዘጋሁበትም። ሳያውቅ ሞተ።»

ከዚያ ልጅቱ ጋ ደውልልኝ አሉት። ደወለላቸው።

«ልጄ፣ አጎትሽ ነኝ። እኔ አልዘጋሁም። በእናታችን እምልልሻለሁ፣ አልዘጋሁም። ስልኬ ታሞ ነው። ቫይረስ ገብቶበት የሚደውለውን ሁሉ ይመልስብኝ ነበር። አሁን ልጄ አገኘው። እኔ ስጠብቀው ነበር፣ እሱ ሲደውል እኔ ስጠብቀው ነበር…» መጨረስ አቃታቸው። በወዲያ በኩል የልጅቱ ለቅሶ እስከ ውጭ ይሰማል፤ ይህኛው ግን የቅድሙ ዓይነት አልነበረም፣ የተገላገለ ሰው ለቅሶ ነው። አባትየው እስክትረጋጋ ጠበቋት፣ እኔም እመጣለሁ አሏት፣ ዘጉ።

ሐኪሙ ውሃ ሆኖ ተቀምጧል። አባቱ አዩትና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣሉ።

«አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ? በመጣሁ ቁጥር አይተኸዋል። አንድ ቀን እንኳ አላይም ብለህ አልመለስከኝም። የተደበቀ ነገር ነው፣ ከየት ታውቀዋለህ?»

ከዚህ በኋላ የሚነግራቸውን ቃል ከየት ያምጣ? ቢሰድቡት፣ ያን ቀን ሰው ፊት ያሳቀባቸውን ቢያነሡበት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ ያጽናኑታል። ልብስ ሰፊዋ ከደጃፏ ሆና ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ታብሳለች።

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ። ቁጡ ሰው አልነበሩም፣ ሲራገሙ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። ያን ጊዜ ግን ተነሥተው ቆሙ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ይህን ነገር ስልኬ ውስጥ ያስገባ ሰው» አሉ፣ «ማንም ይሁን ማን፣ የትም ይሁን የት። እኔ ወንድሜን እንደጠበቅኩ የሚወደውን ሲጠብቅ ይኑር። ጠብቆ ጠብቆ አያግኘው። አሜን በሉ።»

«አሜን!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከልቧ።

አባትየው እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ ጠበቁት።

«አሜን» አለ ሐኪሙ።

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጃቸውን አወረዱ። የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ወደ ቤት ሄዱ።